በአንድ ቁልፍ የሚጫን ጌም

ቡታጅራ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጌም በራሴ እጅ ጫንኩ። ከማታ ተማሪዎች እንደኔ ቶሎ ማንበብ የለመደ የለም፤ አስተማሪዋ ባትመሰክር እኔ እመሰክራለሁ።

የእጅ ጌሜ ማንም የራሱን ጨዋታ ሠርቶ የሚጭንባት ዓይነት ናት። ጓደኛዬ ሳቢር አዲስ ጨዋታ በሠራ ቁጥር ከወልቂጤ ይመጣ ነበር። ላፕቶፑን ዘርግቶ ሚሞሪዋ ላይ ሲገለብጥ ያመሻል፤ እኔው ዘንድ ያድራል። አሁን አቅልሎታል። ጨዋታው በዋይፋይ መጣ፣ «ጫን» የሚል ወጣ፣ አነበብኩ፣ ነካሁ፣ ተከፈተ።

የሁለት ሰው የባጃጅ እሽቅድምድም ነው። አንዱን በቀኝ እጄ፣ ሌላውን በግራ እጄ ነዳሁ። አሸነፍኩ። ተሸናፊውንም እኔው ሰደብኩት።

ከዚያ ደወልኩለት።

«ሳቢር፣ አልጫን አለኝ።»

«አንተን? ማንበብ ቻልኩ ብለህ አገሩን ስታስጨንቅ ከርመህ?»

«ከብዶኛል ወንድሜ። መጥተህ እየው።»

«ምን ያስመጣኛል? ስህተት ሲጽፍልህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከዚሁ አስተካክለዋለሁ።»

እሺ አልኩት። ይኸው ያልነካካሁት ቦታ የለም፤ አንድም ስህተት አይጽፍም። ምናለ ትንሽ እንኳ አበላሽቶ ቢሠራው።