ከዛፎችህ የወጣው መደርደሪያ

ኢስታራቭሻን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል

ልጄ ኢስፋንዲዮር፣ የሆዴ ፍሬ፣

ግንዶችህን ሰንጥቃቸው ብዬ እኔ አላዘዝኩትም! እናትህ ናት ያሰነጠቀችው የሚልህ ካለ ዋሽቷል። አልጠየቅከኝም፣ አውቃለሁ። አንተ ደግሞ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ግን ይህን ወረቀት ሩሲያ ድረስ ይዞልህ የሚመጣው የጎረቤታችን የሂኮያት ልጅ ነው፣ አፉ እንደ እናቱ ክዳን የለውም፣ ከባቡር ሳይወርድ ይዘረግፍልሃል። ስለዚህ መጀመሪያ ከእኔ ስማው። ስልክማ ብደውል ብደውል ያቺ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሩሲያዊት «ቁጥሩ አይገኝም» ትለኛለች፣ ስሰድባት እንኳ አትመልስም።

የሰነጠቃቸው አባትህ ነው፣ በገዛ እጁ። አንተ ስትወለድ ቦዩ ዳር የተከላቸውን የፖፕላር ዛፎች። ሲቆረጡ ልጣቸውን አንተው ራስህ የላጥካቸውን፣ ቤትህ ሲሠራ ጣሪያ ይሆናሉ ተብሎ በረቱ ላይ ተጋድመው ሲደርቁ የኖሩትን። አሁን መደርደሪያ ሆነዋል።

ነገሩ ከጡረታው ነው የጀመረው። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው ቤት ሲገባ የሚነዳው አጣና እኔን ይነዳ ጀመር። «ጨው ለምን እዚህ ይቀመጣል? ድስት ለምን መሬት ላይ? ይህ ቤት መደርደሪያ ያስፈልገዋል።» «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ወጥ ቤት ነው፣ አውቶቡስ አይደለም፣ ውረድልኝ» አልኩት። መጋዝና መላጊያ ከገበያ ገዝቶ መጣ፣ ግቢው ውስጥ ያገኘውን ሳንቃ ሁሉ ይቆራርጥ ነበር። ግንዶችህን ግን አልነካም። ያን ጊዜ በበረቱ በኩል ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አይቷቸው ነበር የሚያልፈው።

ከዚያ በጸደይ ደወልክ። «ድምፁን ክፈቱት፣ ሁላችሁም ስሙ» አልክ። ሁላችንም ሰማን። ሌላ ሴት አለች አልክ፣ አርግዛለች አልክ። ከዚያ ሚስትህን ሳኖባርን ሦስት ጊዜ «ፈትቼሻለሁ» ብለህ ዘጋኸው። ሳኖባር ሩዝ እየለቀመች ነበር። አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞር ብላ «እማዬ፣ ሩዙን ልጨርሰው?» አለችኝ። «ጨርሺው እንጂ፣ ማን ይጨርስልሻል?» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ወደ ወንድሞቿ ላክን፣ «ከነልጅ የሚያስተኛ ቦታ የለንም፣ የእናንተው ናት» ብለው መለሱ። የመስጊዱ ሙላ መጥቶ «የተፈታች ሴት እዚህ ቤት መቀመጧ ሰው ያናግራል» ሲል አባትህ «አንድ ጊዜ የልጄ ሚስት የሆነች ለእኔ እስክሞት ልጄ ናት፣ ያስተማርከኝ አንተው ነህ» አለው። ሙላው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አባትህ መሰላል አቆመ። ግንዶችህን አንድ በአንድ ሲያወርድ ሰፈሩ በሙሉ አየ። እዚህ ሰፈር የልጅ ግንድ ከተጋደመበት ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ልጅ መጥቷል፣ ቤት ሊሠራ ነው፣ ጎረቤት ለእርዳታ ይውጣ ማለት ነው። በነጋታው ገና ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተደበደበ። ስከፍት መንገዱ በሰው ሞልቷል፣ ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘዋል፣ ሂኮያት የድግስ ድስቷን ተሸክማለች።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ኢስፋንዲዮር መቼ ነው የሚገባው? ጭቃውን የት እናቡካ?»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ! አባትህ ከኋላዬ መጥቶ «አይመጣም» አለ።

«ታዲያ ቤቱ ለማን ነው?»

«ቤት አይደለም። መደርደሪያ ነው።»

አናጺው ኩርቦን ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ጋሼ ሾዲ፣ ፖፕላር እኮ የጣሪያ እንጨት ነው። ጣውላ ቢያወጡት ይጣመማል።»

«ጣሪያው ሥር የሚገባ የለም» አለው።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። አካፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጡ፣ ማንም ማንንም አላየም። ሲወጡ አንዱ ሽማግሌ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ «አላህ ያጽናችሁ» አለኝ። ሰማህ? በቁምህ። ከለቅሶ እንደሚወጣ ሰው። እኔም አሜን አልኩ።

ሥራው ራሱ መከራ ነበር። ይሄ ቤት የአያትህ የጭቃ ቤት ነው፣ አንድም ቀጥ ያለ ግድግዳ የለው። አባትህ ውሃ ልኩን ያስቀምጣል፣ ወደ ኋላ ሄዶ ያያል፣ መደርደሪያው ጠማማ ነው። «እንጨቱ ልክ ነው፣ ግድግዳው ነው የሰከረው» ይላል። «የአባትህ ግድግዳ ነው፣ ሂድና መቃብሩ ላይ ተጣላው» እለዋለሁ። አንድ ቀን ረጅም ሚስማር ቢመታበት የግድግዳው ጭቃ ተገምሶ ፍራሾቼ ላይ ወረደ። ያን ቀን ያልኩትን ወረቀት ላይ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ተወው፣ ለመደርደሪያዎቹ እግር አበጀላቸው፣ ብቻቸውን የሚቆሙ አደረጋቸው። እኔ የዋህ፣ ጭቃው ሚስማር ስላልያዘለት መስሎኝ!

ሳኖባር የጣውላውን ሌላ ጫፍ ትይዝለት ነበር። እኔ ተቀምጬ ስድብ አቀብል ነበር። ልጅህ ፓሪሶ ሰጋቱራው ውስጥ ተንከባላ ዱቄት የነካት መስላ ትመጣለች። አባትህ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው፣ እያሸው፣ እያሸው፣ አንድ ቀን «በቃ እንጂ፣ ሥጋው አለቀ» አልኩት። «ቶሎ ከጨረስኩት ምን እሠራለሁ?» አለኝ። ሻይ ቀዳሁለት።

የመላጊያው ምላጭ ጉጥ ላይ ደነዘበት። ወደ ቢላ ሠሪው ዳቭሮን ወሰደው፣ ገበያው መግቢያ ላይ የሚሠራው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ዳቭሮን ምላጩን ስሎ ራሱ ይዞት መጣ። ለምላጩ ነው አልኩ። ደግሞ መጋዙን ልሳል ብሎ መጣ። ደግሞ የወጥ ቤቴን ቢላ። ደግሞ መቀሴን። «በዚህ ቤት ያልሳልከው የእኔ ምላስ ብቻ ቀረ» አልኩት። ሰውየው ቀላ። አባትህ ከጓሮ ሆኖ «እሱስ ስለት ጨምሮ ማን ይችለዋል» ይላል! ሳኖባር አፏን በሻሿ ሸፈነች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። አንተ ሳለህ እንኳ እንደዚያ ስቃ አታውቅም፣ ይሄን ደግሞ ላንተ መንገር ነበረብኝ፣ ነገርኩህ።

ከፍቺ በኋላ ያለው የመጠበቂያ ጊዜዋ ሲያልቅ ዳቭሮን በሥርዓቱ አክስቱን ላከ። «ሳኖባርን ከነልጅቷ ስጡን» ብላ ጠየቀች። ወንድሞቿን ብንጠይቅ «የፈለገ ይውሰዳት፣ እኛን አትጨቅጭቁን» አሉ። ያኔ አባትህ «ከእኛ ቤት እንደ ልጃችን ትወጣለች» አለ።

«መደርደሪያዎቹስ?» አልኩት።

«የሙሽራ ዕቃዋ ናቸው። ምን መስሎሽ ነበር?»

«የልጄን ጣሪያ ለባዕድ!»

«ልጅሽ የጣለውን ነው የሠራሁት።»

«ፓሪሶንስ? የልጅ ልጄንም እንደ ጣውላ ጠቅልለህ ልትሰጣቸው ነው?»

መላጊያውን አንስቶ መግፋት ቀጠለ። 

አሁን ደግሞ አንተ በሰው ልከሃል። ለበዓሉ አዲሷን ይዣት እመጣለሁ፣ ክፍሉን ኖራ ቀቡልኝ ብለሃል። አልቀባንም። አባትህ ሽንኩርት ሊያደርቅበት ነው። ገበያው አጠገብ ማረፊያ ቤት አለ፣ ትኋን አለው ይላሉ፣ የራሳችሁን አንሶላ ይዛችሁ ኑ። ደረቅ አፕሪኮትም አላክሁልህም፣ የዘንድሮው ለሳኖባር ሰርግ ነው። የሱፍ ካልሲ ግን ልኬልሃለሁ። ሳኖባር ናት የሠራችው፣ አንተ ከመደወልህ በፊት ጀምራው ነበር። «ተይው፣ ፍቺው፣ ለፓሪሶ ይሁን» ብላት «የጀመርኩትን ልጨርሰው» አለችኝ። እግርህን እንዳይበርድህ።

እና ዛሬ ነው። ዛሬ የዳቭሮን ሰዎች ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። ዳቦውን የምትቆርሰው የሴቷ እናት ናት፣ የሳኖባር እናት ደግሞ መሬት ሥር ናት፣ ስለዚህ እኔ ነኝ። ከተቆረሰ አለቀ፣ የዳቭሮን ናት። እኔ ካልወጣሁ ዳቦአቸውን እንዳቀፉ ይመለሳሉ፣ ሳኖባርም ፓሪሶም እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀራሉ። ራሴን አሞኛል ብዬ ገብቼ በር ዘግቼ ነው የምጽፍልህ። ወረቀቱ ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ፓሪሶ ቅድም በመስኮት አንገቷን አስገብታ «አያቴ፣ እኛ ስንሄድ አንቺ ከማን ጋር ትጣያለሽ?» አለችኝ።

«ከአያትሽ ጋር።»

«እሱ እኮ አይመልስልሽም» አለች።

መጡ መሰለኝ። አዎ፣ አባትህ ይጮኻል፦ «አንቺ ሴትዮ! ሰዎቹ በር ላይ ናቸው፣ ውጪ እንጂ!» ይጩህ። ሳኖባር በሩን ገፍታ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቆማለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። «እማዬ፣ ካመመሽ ልመልሳቸው?» ትለኛለች። የይምሰል አይደለም ልጄ፣ ትመልሳቸዋለች። አንድ ቃል ብተነፍስ ትመልሳቸውና ቀሚሱን አውልቃ እግሬን ልታሽ ትቀመጣለች።

«አላመመኝም» አልኳት። «ፊትሽን ታጠቢ፣ ሬሳ መስለሽ ነው እንዴ ሰው ፊት የምትወጪው?»

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። የሚወለደውን ያሳድግልህ፣ ይባርክልህ። አንተም አርጅተህ ጡረታ ወጥተህ፣ ልጅህ ከሩቅ ሲደውልልህ ድምፁን ከፍተህ ለመስማት ያብቃህ።

ደግመው ጠሩኝ። እጄን ታጥቤ ልውጣ።

እናትህ ሮዚያ