ተመስገን ያልኩ ቀን

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽን፣ እንቅልፍሽን፣ የባልሽን የወገብ ሕመም ሳይቀር መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ግን «እንዴት ነሽ?» የሚለውን እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ወረቀቱን አበላሸሁት። ልጇን ለቀበረች እናት እንዴት ነሽ ይባላል? ደግሞስ ከራስሽ በላይ ካለው ቤት ሆኜ፣ ስትስይ እየሰማሁ፣ ባልዲሽን ወለል ላይ ስታስቀምጪ እየሰማሁ፣ እንደ ሩቅ አገር ሰው ጤናሽን በወረቀት ስጠይቅ ትንሽ አላፍርም? አፍራለሁ እንጂ። የምትጽፍልሽ አንድ ፎቅ ወርዳ በር ማንኳኳት ያቃታት ሴት ናት፤ ይህን አውቀሽ አንብቢው።

ለቅሶሽ ላይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ አይቶኛል። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት ሴትዮ «እናቷ ይቺ ናት?» ብላ ጎረቤቷን እስክትጠይቅ ድረስ። ያን ጊዜ ነው ድምፄ የተቆረጠው። አንቺ ጥግ ላይ እንባ እንኳ ጠፍቶሽ ተቀምጠሻል፣ እኔ ሐዘንሽን ቀምቼ እጮሃለሁ። ከዚያ ወዲህ ደጅሽን አልረገጥኩም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ስሠራ እንደነበር ልንገርሽ። አብዛኛውን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ከእኔው አፍ ስሚው።

ልብስ ማጠቢያው ቤት ከገባን ጀምሮ አንሶላ ያጠፍነው አብረን ነው። አንቺ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን፤ ጎትተን፣ አራግፈን፣ መሃል ላይ ስንገናኝ የኔን ጫፍ ከእጄ ተቀብለሽ ያቋረጥሽውን ወሬ ትቀጥያለሽ። ወደ ሥራ ስትመለሺ እኔ እዚያ የለሁም። ኃላፊዋን ወገቤን ያመኛል፣ ቆሜ ማጠፍ አልቻልኩም፣ ወደ መተኮሻው ክፍል አዛውሪኝ ብዬ ለምኛት ነበር። ካውያ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው፣ ወገቤን! እሷም ገብቷት ነው ያዛወረችኝ። ደረጃው ላይ ኮቴሽን ስሰማ ቁልፍ የጠፋብኝ መስዬ ቦርሳዬን እየበረበርኩ እስክታልፊ እቆማለሁ። ቁልፉ በእጄ ነው።

ልጄንም ደበቅኩብሽ። በርሽ ጋ ስትደርሺ አትሩጪ፣ ደረጃ ላይ አትዝፈኚ፣ አትሳቂ አልኳት። ለምን ስትለኝ ሐዘንተኛ ይከበራል አልኳት። ውሸቴን ነው። የፈራሁት የኔን ልጅ ባየሽ ቁጥር ያን ቀን ከአፌ የወጣው ቃል ትዝ እንዳይልሽ ነው።

ልጆቻችን ከዳዴ ጀምሮ አንድ ላይ ያደጉ ናቸው። ያንቺዋ ትናገራለች፣ የኔዋ ትሰማለች። ሕንፃው ሁሉ ያንቺዋን «ሬዲዮኗ» ነበር የሚላት፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ድመት እንደወለደች በየበሩ ሳታሰማ ቤቷ አትገባም። አሁን ደረጃው ጭጭ ብሏል። የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ ባለፈው ሳምንት በግ የሚያህል ሻንጣ ተሸክመው ሲመለሱ ከየት እንደመጡ የነገረን ሰው የለም።

የተማሪዎቹን ሰርቪስ የጭነት መኪና ገጨው ሲሉን አንሶላውን መሬት ጥለን አብረን ሮጥን። ታክሲው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። አንቺ ሾፌሩን ቀስ በል ትይዋለሽ፣ እኔ ፍጠን እለዋለሁ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነርሷ ወጣችና የባለ አጭር ፀጉሯ ልጅ እናት ማን ናት አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ደህና ናት፣ ክንዷ ብቻ ነው የተሰበረው አለችኝ።

«ተመስገን!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እጅሽን ለቅቄ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሴን ይቅር እል ነበር። የልጄ አባት «ሰው ልጁ ተርፋለት ተመስገን ቢል አይኮነንም» ይለኛል። ልክ ነው። እሱ ግን እዚያ አልነበረም። ነርሷ ስለ ያንቺዋ አንድም ቃል እንዳልተነፈሰች እኔ ሰምቼ ነበር። ዓይኗን ካንቺ ስታሸሽ አይቼ ነበር። ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝ ነው ጥዬሽ የሮጥኩት። ልጄን ስሜ፣ ዳብሼ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካክቼ ስወጣ አንቺ ወለሉ ላይ ተቀምጠሻል። አንዲት የማናውቃት አስታማሚ ቴርሞሷን እንኳ ሳታስቀምጥ ደረቷ ላይ አቅፋሻለች። ሄጄ ጎንሽ መቀመጥ ሲገባኝ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እዚያው እንደቆምኩ ነው እስካሁንም።

አሁን ደግሞ የማታውቂውን ልንገርሽ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ አንቺ ሥራ ባልገባሽበት ቀን፣ ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ተበላሽቶ ቀድመን ተለቀቅን። ቤት ስደርስ ልጄ የለችም። ስጠራት መልስ የለም። ግቢውን ልይ ብዬ ደረጃውን ስወርድ በርሽ ገርበብ ብሏል፤ ድምፅዋ ካንቺ ቤት መጣ። በስንጥቁ አየኋችሁ። አንቺ የትምህርት ቤት ሸሚዟን ቁልፍ ትሰፊያለሽ፣ እሷ እግርሽ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቁልፉ መውደቁን እኔ እናቷ አላየሁም። የመጣችውም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ፤ መቀስ ስትያት የት እንዳለ ሳትጠይቅ ተነስታ አመጣችልሽ።

ታለቅስ ነበር። የምትለው ሁሉ አልተሰማኝም፤ «መስኮት» የሚለው ቃል ብቻ እየተመላለሰ ጆሮዬ ገባ። አንቺ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካሽና ልጆች ቦታ ይቀያየራሉ፣ እሱ ጥፋት አይባልም አልሻት። ልጄ ደስ ብሏት ነበር ወይ ብለሽ ጠየቅሻት። እየሳቀች ነበር አለችሽ። ምን እያለች እንደሳቀች እሱን ንገሪኝ አልሻት። ነገረችሽ። አንቺም ሳቅሽ። ያን ሳቅሽን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ቀጥላ ልጄ እኔ ቤት አፏ ላይ መጥቶ የማያውቀውን ጠየቀችሽ። እኔ በመትረፌ አትናደጂም ወይ አለችሽ። መርፌውን ከሸሚዙ ነቅለሽ ክሩን ቋጠርሽ።

«እናትሽ ያን ቀን ተመስገን ስትል ሰምቻለሁ» አልሻት። «ያን ቀን አሜን ማለት አቃተኝ። አሁን እላለሁ። አሜን።»

ያኔ መግባት ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባ ነበር። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ፣ ኮቴዬ እንዳይሰማ እየተጠነቀቅኩ፣ እንደ ሌባ ወደ ላይ ወጣሁ።

ልጄ አውቶቡስ ላይ ለምን መተላለፊያው ዳር ካልሆነ እንደማትቀመጥ አሁን አውቄያለሁ፤ ያን ቀን የመስኮቱን ቦታ ለያንቺዋ ለቃላት ነበር። እሷ ግን ማወቄን አታውቅም፤ ላንቺ ያለችውን ለኔ እስክትለኝ ድረስ አልነካካትም። የሚያመኝ ሌላ ነው። ያን የሚያህል ነገር ተሸክማ ስትዞር ማውረጃ ያገኘችው ካንቺ ቤት፣ ልጅ ከጎደለበት ቤት ነው። ከኔ ቤት እንዴት ታውርደው? እኔ ቀኑን ሙሉ ዝም በይ፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ ስላት ነው የከረምኩት።

እንግዲህ ላጽናናሽ ብዬ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ጊዜ ይፈውሰዋል አልልሽም፤ ያሉሽን ሰዎች ፊታቸውን ስታዪ አይቻለሁ። ሌላ ትወልጃለሽ ያለችሽንም ሴት ሰምቻታለሁ፤ አፏን ብይዝላት ኖሮ ያን ቀን አንድ ጥሩ ነገር ሠራሁ እል ነበር። ላንቺ የምሰጥሽ ያለኝ አንድ ነገር ነው። ሬዲዮኗ ለኔ ብቻ የተናገረችው ዜና አለኝ። አደጋው ሊደርስ ሰሞን ነው። በሬን አንኳኳች፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። «ዜና» አለች። «እናቴ ቀይ ጫማ ልትገዛልኝ ነው። ግን እሷ ገና አላወቀችም።» ከሳቄ ብዛት ቁጭ አልኩ። ላንቺ ልነግርሽ ብዬ አንሶላው መሃል ላይ ስንገናኝ ረሳሁት። እንዲህ ያለ ብዙ አለኝ። ሁሉም ያንቺ ነው፤ ይዤብሽ ነው የቆየሁት።

ይቅር በዪኝ ብዬ አላጣድፍሽም። አሜን ስላልሽ ብቻ ጨርሰሻል ብዬ አላስብም። ብትቆጪኝ፣ ያን ቀን ጥለሽኝ ሄድሽ ብትዪኝ እቀመጥና እሰማለሁ። ከእንግዲህ ቁልፍ አይጠፋብኝም።

እሁድ ከሰዓት እወርዳለሁ። ትናንት ማታ ለልጄ ወደ አንቺ ልሄድ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ካንቺ ቤት መመላለሷን እንደማውቅ ገባት፤ አልደነገጠችም። ይልቅስ እንደ ትልቅ ሰው መከረችኝ። አንኳኪና ጠብቂ አለችኝ። ቶሎ አትከፍትም፣ የለችም ብለሽ እንዳትመለሺ፤ መጀመሪያ ፊቷን ትታጠባለች አለችኝ።

እጠብቃለሁ። ግን ለኔ ብለሽ አትታጠቢ፤ እንደሆንሽ ሆነሽ ክፈቺልኝ።

ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልሽ፤ ባልሽን ያበርታልሽ። የልጃችንን ነፍስ ወሬዋን በሚወዱላት መካከል ያኑርልን።

የልጅሽ ባልንጀራ እናት