የምላጭ ውፍረት ያህል፦ የአቶ ስሜነህ ገብረማርያም የሕይወት ታሪክ

ለቀባሪ፣ ለአስተዛዛኝና ሞተር ለሚነዳ ሁሉ አስቀድሞ ይታወቅ፤ የአቶ ስሜነህ ገብረማርያም ሞተር ሳይክል ቫልቭ በሚገባ ተስተካክሏል። ዛሬም በአንድ እርግጫ ይነሳል።

አቶ ስሜነህ ከአባታቸው ከአቶ ገብረማርያም ዘሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናዬ ውባንተ በ1964 ዓ.ም. በጭልጋ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1984 ዓ.ም. ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላማዋ ኮኪት ወረዱ። ለሁለት ወር የወረዱት ሰው ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆዩ፤ ሙቀቱን ግን እስከ መጨረሻው እንደ እንግዳ ያሙት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ወይዘሮ እመቤት አንዱአምላክን አግብተው፣ ከኮኪት ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው እርሻቸው ልጃቸውን መስከረምን ወለዱ።

በ2004 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ ከገላባቱ ሱዳናዊ ነጋዴ ከኡመይር ሞተር ገዙ። ኡመይር ሲያስረክባቸው፣ «ያ ስሜነህ፣ ቫልቩን ሲቀዘቅዝ እንጂ ሲሞቅ እንዳትነካው» አላቸው። ይህን ቃል ከንስሐ አባታቸው ቃል እኩል ጠበቁት። ሞተሩ ከኒሙ ዛፍ ሥር ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ክዳኑን ከፍተው፣ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል የጺም ምላጭ ያስገባሉ። ምላጩ ትንሽ ያዝ እያደረገ ካለፈ ልክ ነው፤ ካልሆነ በካቻቪቴ ማላላት ወይም ማጥበቅ ነው። ጎረቤት ምላጭ ሊዋስ ሲመጣ፣ «ሞተሩ እየተላጨ ነው» ተብሎ ይመለስ ነበር።

ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ወይዘሮ እመቤትን ወባ ጀመራቸው። ዋልካው ጭቃ መኪና ስለማያሳልፍ፣ ጠዋት በሞተር ኮኪት ሐኪም ዘንድ እንወጣለን ተባለ። አቶ ስሜነህ አመሻሽ ላይ በሞተሩ ከማሳ ሲመለሱ ሲንቀጫቀጭ ሰሙት። ለነገው መንገድ እንዳያሳፍራቸው ብለው፣ ብረቱ እጃቸውን እየፈጀ ቫልቩን አስተካከሉ። ሲነጋ ትኩሳቱ ጸንቶ ነበር። ብረቱ ደግሞ ቀዝቅዞ ሲኮማተር፣ ማታ የለኩት ክፍተት ጠፍቶ ቫልቩ ገጥሞ አልዘጋ አለ። ቢረግጡት፣ ቢረግጡት አልተነሳም። ወይዘሮ እመቤት በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ወጥተው ኮኪት ሳይደርሱ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አቶ ስሜነህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቫልቩን አስተካክለው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ ጥቂት አዳምጠው ያጠፉት ነበር። አንድም ቀን አልተቀመጡበትም። ጎረቤታቸው አንዱዓለም፣ «ጋሼ፣ የማይጋልቡትን ፈረስ ጥርስ ምን ይቆጥሩለታል?» ቢላቸው፣ ምላጩን ጠርገው ወደ መጠቅለያ ወረቀቱ መለሱት።

በሰኔ ጉበታቸውን ታመው፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። እህታቸውን ወይዘሮ አሰበችን፣ ልጃቸውን መስከረምንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል። መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ጭቃ በሌለበት መንገድ ወደ ባለቤታቸው ያድርስልን።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ማለዳ ዋልካው ወይዘሮ እመቤት እንዳረፉበት ዓመት መንገዱን ዘግቶት ነበር። መስከረም ሞተሩን በአንድ እርግጫ አስነስታ፣ «አባዬ፣ ሞተሩ ላይ ይውጡ፤ ኮኪት ሐኪም ዘንድ አደርስዎታለሁ» አለቻቸው። አልወጣም አሉ። አለቀሰች፤ ጎረቤት ለመነ፤ ምክንያታቸውን እንኳ ይንገሯት ተባለ። አቶ ስሜነህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «አልወጣም ብያለሁ። ለምን እንደሆነም አልናገርም» አሉ።