ውሃ ስትለኝ

ውድ ባለቤቴ ታደሰ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ነፋስ ስልክ እንዳለች ነች። አሁንም ለስኳር ኅብረት ሱቅ እንሰለፋለን፤ ጣራውም አንተ የጠገንከው ጋ መልሶ ያፈሳል።

በዚያ ቦርጭህ እንዴት እኮራ እንደነበር ታውቃለህ። የቀበሌው መዝናኛ ክበብ ኃላፊ ስለነበርክ ለስላሳ ከእጅህ አይጠፋም፤ ከምሳ ጋር ሁለት፣ ከሥራ ስትመለስ አንድ። የሱሪህን ወገብ ለማስፋት ሦስት ጊዜ ስወስድ፣ ልብስ ሰፊው ምን እንደማበላህ እየሳቀ ይጠይቀኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ እንደ ሙሽራ እሽኮረመም ነበር። ሌላው በሰልፍ ሲከሳ የባሌ መወፈር የኔ ባለሙያነት መስሎኝ።

ከዚያ መክሳት ጀመርክ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ። ሐኪም ቤት መውሰድ ሲገባኝ የወሩን የራሽን ስኳር አጥሚትህ ላይ ገለበጥኩት። አልጋ ላይ ስትውል ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ወጉ ለስላሳ ይዞ ሊጠይቅህ መጣ፤ ጠርሙሱ አልጋህ ሥር ተደረደረ። ጥምህ ግን አልቆርጥ አለ። ውሃ ስትለኝ፣ ይኼ ይሻልሃል፣ ጉልበት ይሰጥሃል እያልኩ ቆርኪውን በገዛ እጄ ከፈትኩልህ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወስደንህ ሐኪሙ የስኳር በሽታ መሆኑን ሲነግረኝ አንተ ነፍስህን አታውቅም ነበር። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅህ ቀረሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ በሳሙኤል ምክንያት ነው። ልጃችን ክበቡ ውስጥ ያንተን ቦታ ከያዘ ወዲህ ቦርጭህንም ወርሶታል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ቁርጥ አባቱን፣ ተመችቶታል ይለኛል። ለምኜዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ ጠርሙሱንም ደብቄበታለሁ። እሱ ይስቅብኛል። በዚህ ሳምንት ግን ሱሪው ሰፍቶት ቀበቶውን በሚስማር ሲበሳ አየሁት። የውሃውን እንስራ ብቻውን ያጋምሰዋል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ደህና ነኝ ብሎ ተቆጣኝ። ትናንት ደግሞ ጎረቤታችን ከሳብሽ ብላ አዝና፣ ለስላሳ ይዛለት መጣች።

ታዴ፣ ላንተ አልዋሽም፤ ተስፋ የለኝም። የምችለው አንተን አለመርሳት ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሳቅህንና ግርማህን ያስታውስ። እኔ እስክሞት የማስታውሰው የደረቀ ከንፈርህን ነው። የጠየቅከኝ ውሃ ነበር።

ሚስትህ አስካለ