ጋሪ ጠባቂ ስላደረጋችሁኝ የቀረበ ምስጋና

ለክብርት ወይዘሮ ዊልማ ትሬድዌይ
የኦዛርክ ኮረብቶች የቤት ትምህርት ቤተሰቦች ማኅበር
የዓመታዊ ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሚዙሪ

ግልባጭ፦ ለማኅበሩ ጋዜጣ አንባቢዎች በሙሉ፣ በተለይም የመጽሐፍና የሕፃን ጋሪያቸውን አምነው ላስረከቡኝ እናቶች

ክብርት ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ጉልበትዎ ከአዳራሹ ሲሚንቶ ወለል አገግሞ፣ ድምፅዎም ከዚያ ከሚጮኸው ማጉያ ጋር ካደረገው ትግል ተመልሶ፣ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጫማዬ የላም ሽታ እስኪለቅ እየጠበቅሁ ነው።

በኮሚቴው ስም የላኩልኝ ማሳሰቢያ ደርሶኛል። «ከጋሪ ጠባቂነት ድርሻዋ ውጪ፣ ሳትጠየቅና ሳይፈቀድላት፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ምርጫ ምክር ሰጥታለች» የሚለውን አንብቤ፣ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ «የሚቀጥለው ዓመት አገልግሎትሽ እንደገና የሚታይ ይሆናል» የሚለውን ሳገኝ፣ ኮሚቴው እኔን አንድ ጊዜ አይቶ ስላልጠገበኝ እንደገና ሊያየኝ መፈለጉ እጅግ አስደስቶኛል። ይሁንና እንደገና ከመታየቴ በፊት፣ በመጀመሪያው ጊዜ በደንብ ያልታዩ የመሰሉኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ወንበሩ።

በአዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ አጠገብ፣ «ተመራቂዋን ጠይቋት» ከሚለው ሰሌዳ ሥር የሚቀመጠውን ወንበር ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ የምትቀመጠው ልጅ ትምህርት ቤት ሳትገባ ከወላጆቿ ቤቷ ተምራ የጨረሰች፣ መጽሐፍ ሻጮች ከግራ ቀኝ ሲጠሯቸው ግራ የገባቸው እናቶች ሄደው የሚያማክሯት ናት፤ ጉባኤው ካለፈ በኋላም ዓመቱን ሙሉ አዲስ ቤተሰቦች የሚደውሉት ለእርሷ ነው። እኔ ይህን ወንበር ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬአለሁ። ሌሎች ልጃገረዶች ፈረስ ሲመኙ እኔ ያንን የሚታጠፍ የብረት ወንበር ነበር የምመኘው።

ምክንያቱን በማመልከቻዬ በዝርዝር ጽፌ ነበር፤ ርዝመቱ እንዳያነቡት ስላደረገ እዚህ አሳጥሬ ልድገመው። እናቴ እኔንና ወንድሞቼን ስታስተምር የሚመክራት ሰው አልነበረም። በየዓመቱ ወደ ጉባኤው ትመጣለች፣ አንድ አንደበተ ርቱዕ ተናጋሪ ይማርካታል፣ ያለፈውን ዓመት መጽሐፍ ጥላ አዲሱን ተሸክማ ትመለሳለች። አዲስ የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ ደግሞ የሚጀምረው ከጥንታዊት ግብጽ ነው። ስለዚህ እኔ በየመስከረሙ ወደ ግብጽ ስወርድ አደግሁ። በየመስከረሙ አንድ ዶሮ እንደ ፈርዖኖቹ ሬሳ በጨው አድርቀን፣ በጨርቅ ገንዘን፣ በጫማ ካርቶን አድርገን ከጓሮ ቀበርን። ጎረቤታችን አቶ ዱዌይን አጥራቸው ላይ ተደግፈው «ዘንድሮም ለቅሶ አላችሁ እንዴ?» ይሉን ነበር። ሮም መውደቋን የሰማሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው፤ ዜናው እንደ አዲስ ስላስደነገጠኝ አስተማሪዬ ውሃ አምጡላት አሉ።

እናቴን አልወቅስም፤ ከእርሷ የበለጠ የደከመ ሰው አላውቅም። እኔ ያልኩት፣ እንዲህ ያለውን መንገድ በእግሯ የሄደች ልጅ፣ አሁን ደግሞ የማስተማር ትምህርት ተምራ የተመረቀች፣ ከዚያ ሰሌዳ ሥር ብትቀመጥ ይጠቅማል ነው። እርስዎም በስልክ እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ልጅ ነሽ! ክንድሽን አይቼዋለሁ። ጋሪውን ማን ይግፋልን?» ከአራት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት በኋላ ክንዴ የተመሰገነልኝ በእርስዎ ብቻ ስለሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ፦ ወንበሩ ላይ ስለ ተቀመጠችው።

ስለ ሊቢ ስታንካምፕ ክፉ ለመናገር ፈልጌ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አልተሳካልኝም፤ ይህም ራሱ አንዱ ቅሬታዬ ሆኖ ይመዝገብልኝ። ጉንጉኗ ወገቧ ይደርሳል። ስንዴውን ራሷ ፈጭታ ዳቦ ትጋግራለች፣ ፍየሏን ራሷ ታልባለች፣ ቫዮሊኗን ስትይዝ ሕፃናት ማልቀስ ይተዋሉ። ዘጠኙ የስታንካምፕ ልጆች አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰው፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው በአዳራሹ በር ሲገቡ፣ እኔ ጋሪ ከምጠብቅበት የላሞች በረት ሆኜ ሳያቸው የምገፋውን ጋሪ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት፤ የጎማው ጥፋት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የጎማው አልነበረም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ሊቢ ግብጽን የተማረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናቷ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሥርዓተ ትምህርት መርጠው፣ ያው ለበኩሩም ለመጨረሻውም በልኩ ሆኖላቸው፣ ሳይቀይሩ ዘልቀዋል። ሊቢ ሮም ስትወድቅ በሰዓቱ ደርሳለች፤ መካከለኛውን ዘመን በእግሯ አቋርጣለች፤ ዘመናዊው ታሪክ ላይ ደርሳ እንደ ሰው ተመርቃለች። ቀንቻለሁ፣ ክብርት ሆይ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርዎ ነው።

ኮሚቴው ታዲያ መንገድ ጠፍቶት የማያውቀውን ሰው መንገድ ጠቋሚ አድርጎ መሾሙ፣ በውስጡ ያለውን ጥልቅ ጥበብ ለማድነቅ ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁንም እየሞከርኩ ነው።

፫ኛ፦ ስለ በረቱ።

የጋሪውን ሕግ ኮሚቴው ያወጣው በበጎ ሐሳብ መሆኑን አልጠራጠርም። አምና ባለጎማ ሳጥኖቹና የሕፃን ጋሪዎቹ በመጽሐፍ ጠረጴዛዎቹ መካከል ተጠላልፈው አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ከሒሳብ መጻሕፍት ጎን መውጫ አጥታ ስለዋለች፣ ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት ምንም ዓይነት ጎማ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ተወሰነ። ጋሪዎቹም በወረዳው የእርሻ ትርኢት ጊዜ ላሞች በሚታሰሩበት በረት፣ እኔም ከጋሪዎቹ ጋር፣ እንድንቆም ተደረገ። ገለባው ትኩስ ስለነበር አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ኮሚቴው ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ማንም እናት መጽሐፍ በክንዷ ይዛ ረጅም መንገድ አትሄድም። የገዛችውን ሁሉ እየተመላለሰች ጋሪዋ ውስጥ የምታራግፈው እኔ ዘንድ ነው። እናቶቹ ከሰሌዳው ሥር ሲቀርቡ የሚጠይቁት «የትኛው ይሻላል?» ብለው ነው፤ በረቱ ውስጥ ግን ላብ አጥምቋቸው፣ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው፣ የገዙትን ሲያራግፉ እውነቱን ይናገራሉ።

ማሪቤል ኦኪፍን እንውሰድ፤ ስሟን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፣ እንዲያውም «በትልቁ ጻፊው» ብላኛለች። ልጇን ጁኒፐርን ቤት ስታስተምር ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ትልቅ ሣጥን አምጥታ ጋሪዋ ላይ ስትጥለው ጎማው አቃሰተ።

«ኡፍ! ይኸው ገዛሁ። ዘንድሮ ቁም ነገረኛ ሴት ልሆን ነው።»

«የምን መጽሐፍ ነው?» አልኳት።

«ታሪክ። ሥዕሉ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ሻማ እያበሩ የሚያነቡት ነው። ሰውዬው ሲናገር አልቅሻለሁ እኮ፣ እህቴ።»

«የአምናውስ?»

«አምና ሌላ ነበር። ካቻምና ደግሞ ሌላ።» ጁኒፐር ይህን ጊዜ የሣጥኑን ጎን አንገቷን አዘንብላ አየችው፤ ሦስት ማዕዘን ሕንፃና አሸዋ አለበት።

«እማ፣ እንደገና ሬሳ ማድረቅ ልንጀምር ነው?»

«ዝም በይ፣ የኔ ማር፣ ይሄኛው የተለየ ነው።»

«ዶሮዎቼን ግን አልሰጥም!»

ክብርት ሆይ፣ እኔ በዚያች ቅጽበት የጋሪ ጠባቂነት ድርሻዬን ረሳሁ። ማሪቤልን «አምና የት ላይ አቆማችሁ?» ብቻ ነው ያልኳት። ቆማ አሰበች፤ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ገለባው ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች። «ገና ሙሴ ቅርጫት ውስጥ ነው!» አለች። ያቆሙት ከገና በፊት ነበር፤ ጁኒፐር ማንበብ ወደደች፣ መጽሐፉ ደግሞ ብዙ ወረቀት መቁረጥና ማጣበቅ እንጂ ማንበብ አልነበረውም። እናትየዋም ጥፋቱ የመጽሐፉ መስሏት አዲስ ልትገዛ መጣች። የእኛ ሰዎች ስሕተት ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ መጽሐፍ የምንመርጠው ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ሳይሆን፣ እኛ ልንሆን ለምንመኛት፣ ሻማ አብርታ በለስላሳ ድምፅ ለምታነብ ለዚያች እናት ነው። የአምናው መጽሐፍ ካቆሙበት እንዲቀጥል፣ መቁረጥና ማጣበቁ እንዲዘለል፣ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በየሳምንቱ እንዲኬድ መከርኳት። ሣጥኑ ፕላስቲኩ አልተቀደደም ነበርና ለሻጩ መለሰችው። ከዚያ ለጓደኞቿ ነገረች። ከዚያ በረቱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ።

ሻጮቹ ቅሬታ ያቀረቡት በዚህ እንደሆነ ተረድቻለሁ። እውነት አላቸው፤ እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን ቅር ይለኛል። ግን አንዱ፣ የሒሳብ መጽሐፍ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ ራሳቸው መጥተው በረቱን ተደግፈው «ልጄ፣ የተመለሰልኝ መጽሐፍ ተከፍቶ ከተጣለ መጽሐፍ ይሻለኛል» ብለውኛል። እርሳቸው ቅሬታ ካቀረቡት መካከል አለመኖራቸውን ኮሚቴው ያውቃል።

፬ኛ፦ አራተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፤ ሊቢ ግን ሰጠችኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ብርጭቆ ሎሚናት ይዛ ወደ በረቱ መጣች። በንጹሕ ቀሚሷ ገለባው ላይ ተቀመጠች፤ ገለባው እንኳ አልተጣበቀባትም። «ኬዛያ» አለችኝ፣ «ሰልፉ አንቺ ጋ እኮ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ምን እንደተማርን ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ ሄደው እሱኑ ይገዛሉ። ካልሆነላቸው ምን ልበላቸው? ለእኛ እኮ ሁልጊዜ ሆኖልናል።»

«ሆኖልናል» ስትል ያፈረች መሰለች። እኔ ይህችን ልጅ በሰላም እንድጠላት እንኳ አለመፍቀዷ ከሁሉም የከፋ በደል ነው። «በይ ቦታ እንቀያየር» አለችኝ፤ «እኔ ጋሪ መግፋት እችላለሁ፣ ፍየል ከመግፋት አይብስም።» ስቄ አንዱን ብርጭቆ ተቀበልኳት። ሎሚናቱ ጣፋጭ ነበር፤ በእርግጥ ራሷ ነው የጨመቀችው።

እንግዲህ የማቀርበው ልመና አጭር ነው። የሚቀጥለው ዓመት ወንበር ለእኔ ይሁንልኝ፤ ሊቢም ፈቅዳለች፣ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች፣ ስለ ጉንጉኗ የተጻፈው ላይ ብቻ «አጋነንሽው» ብላለች። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ ኮሚቴው ሰሌዳውን ወደ በረቱ እንዲያዛውርልኝ እለምናለሁ። ወንበር አያስፈልገኝም፤ ቆሜ መምከር ለምጃለሁ፤ ክንዴም እንደሚታወቀው ጠንካራ ነው። የማይሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደወሉልኝ እናቶች አሉና ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም።

ለማኅበራችን ዕድሜና እድገትን፣ ለኮሚቴው ማስተዋልን፣ ለእርስዎም ምቹ ጫማን እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮትና በተመጣጠነ ቅናት፣

ኬዛያ ባርንሃርት
የቤት ትምህርት ምሩቅ፣ የኮሌጅ ምሩቅ፣
በኮሚቴው ሹመት የላሞች በረት ኃላፊ

ተጨማሪ፦ ቅዳሜ ማታ በጥድፊያ ሲወጡ ረስተውት የሄዱት አረንጓዴ ጋሪዎ በእኔ ዘንድ በደህና ይገኛል። ጠዋት ሲያስረክቡኝ አብራዎት የነበረችው የልጅ ልጅዎ ኦፓል፣ ከላይ የተቀመጠው አዲሱ የታሪክ ሣጥን ለእርሷ መሆኑን ነግራኛለች፤ አያይዛም በእርስዎ ጓሮ እስካሁን የተቀበሩትን ዶሮዎች በየስማቸው ጠርታልኛለች። ልጅቱን ስለ ሮም ጠየቅኋት፤ «ማን ናት?» አለችኝ። ፕላስቲኩ አልተቀደደም፤ ገና ይመለሳል። ምክር ቢያስፈልግዎ ቤቴ አለሁ፤ ሳልጠየቅና ሳይፈቀድልኝ ግን ምንም አልናገርም።