የጋሽ ሀሜሶ ብዕር ጫፍ

ታዴዬ፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን ይኸው ሰባት ወር ሆነን። ደብዳቤ ላይ ሰነፍ እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ ለሥራ ዲላ ስትሄድ እንኳ መልእክት የምልክልህ በሰው አፍ ነበር። አሁን ግን በሰው አፍ የማይላክ ነገር ገጠመኝ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የተቀመጥኩት። ይቅርታ መጠየቅ ስለማይሆንልኝ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራህ።

የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ያ በክረምት ጫማህን የሚነጥቅህ ጭቃ የለም፤ ባጃጅ እስከ በራችን ይመጣል፣ አንዳንዱማ ሳሎን ሊገባ ምንም አይቀረው። ሄለናችን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሴን ላጥብ ብላ ትመጣለች፤ የማጥበው ግን እኔ ነኝ። አባ ኮዳዎቹም ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ጠግበው መጥተው ቆርቆሯችን ላይ ይቆማሉ። የሚያባርራቸው አንተ ስለነበርክ እኔን ንቀውኛል።

ትልቁ ወሬ ሳጥንህን መክፈቴ ነው። መሃል ከተማ፣ መጽሐፍ መደብሩ ጥግ ያለችውን፣ ሰዓትና ብዕር የምትጠግንባትን የመስታወት ሳጥንህን። ወንድሜ ሽጪያት ሲለኝ እምቢ ብዬ እኔው ገብቼ ተቀመጥኩ። ሴት ሰዓት ሠሪ አይቶ የማያውቅ ሁሉ መጀመሪያ ከቦ ያየኝ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። የሰዓት ባትሪና ማሰሪያ እቀይራለሁ፣ የመነጽር ብሎን አጠብቃለሁ። የቀለም ብዕር ይዞ የሚመጣ ግን በወር አንድ ሰው ቢገኝ ነው።

ምሳህን ይዤ መጥቼ አጠገብህ ስቀመጥ ያስተማርከኝ ለካ አልጠፋኝም። እነዚያን እንግሊዝ አገር የተሠሩ አሮጌ ብዕሮች እያሳየህ ስታወራኝ እንዴት ይሰለቸኝ እንደነበር! ወረቀት የሚነካው ጫፍ ኦርጅናል ይሁን ከሌላ ብዕር የመጣ፣ በምን እንደሚለይ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ የታተመውን ስም ቀፎው ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። ቀጥለሽ ከሥሩ ያለችውን ጥቁር ቀለም አስተላላፊ እዪ፤ ከጫፉ ጋር ተጣብቃ ካልተኛች አብረው አልኖሩም። መጨረሻ ላይ በማጉያ አይተሽ ጫፉ በየት በኩል እንዳለቀ ተመልከቺ። «ፋብሪካ ያተመው ይመሳሰላል፤ እጅ የበላው ግን አይመሳሰልም» ትለኝ ነበር። ያስተማርከኝም አባቴ በመልሳችን ቀን ከኮት ኪሱ አውጥቶ በሰጠህ ብዕር ነው። አባባ ግራኝ ስለነበር የወርቁ ጫፍ በአንድ ጎኑ ሰያፍ ሆኖ ተበልቷል። ከሺህ መሃል እለየዋለሁ ብዬ ፎክሬብሃለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን የዕድሩን ስም ዝርዝር ልጽፍ ያንን ብዕር ባነሳው ወረቀቱን ጫረው። ወርቁ የለም፤ በቦታው ተራ የብረት ጫፍ ገብቷል። ስጠይቅህ «አልቆ ነበር፣ ቀየርኩት» አልክ፣ ዓይን ዓይኔን ሳታይ። በዚያው ሰሞን ለሄለን አዲስ ጫማ ገዝተህላት ነበር። እኔም ወዲያው ፈረድኩ፤ ለወርቅ ሠሪ ሸጠኸዋል። «የአባቴን ወርቅ ለጫማ!» ብዬ ጮህኩብህ። ዝም አልክ። ዝምታህን እንደ ማመን ቆጠርኩትና በበዓል ቀን ወንድሜ ቤት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ተናገርኩት። አንተ ዳቦ እየቆረስክ ነበር። ቆርሰህ ጨረስክና ለሁሉም አደልክ፣ ለእኔም ጭምር። ከዚያ ወዲህ ስንጣላ ሁሉ የአባቴ ወርቅ ይነሳል። አራት ዓመት ሙሉ፣ እስክትታመም ድረስ።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ የጋሽ ሀሜሶ ልጅ አስቴር መጣች። የእኚያ ስንቱን የከተማ ልጅ ያስተማሩት፣ እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ያሉት ጡረተኛ ደንበኛህ ልጅ። የአባቷን የእንግሊዝ ብዕር መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው። አሮጌ ብዕር የሚሰበስብ ዘመዳቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ ቢያየው፣ ቀፎው ኦርጅናል ነው፣ ጫፉ ግን አይደለም ብሏቸዋል። «ባልሽ የአባቴን አውጥቶ ሌላ ከተተበት» አለችኝ በሰው ፊት። አንተን መስደብ የእኔ ድርሻ ነው እንጂ መቼ ለሌላ ሰው ፈቀድኩ! ታደሰ የሰው ዕቃ አይነካም ብዬ ጮህኩባት። እየጮህኩ ግን በሆዴ፣ የአባቴን ወርቅ የሸጠ የሌላውን ለምን አይሸጥም አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ስሟገትልህ እንኳ አላመንኩህም።

ማጉያህን ዓይኔ ላይ ሰክቼ አየሁት። የጫፉ ስም ከቀፎው ስም አይገጥምም፤ ልጅቷ ልክ ናት። ጥቁሯ ቀለም አስተላላፊ ግን ከጫፉ ጋር ፍጹም ተጣብቃለች። በፈላ ውሃ አለስልሶ ያስማማቸው ሰው አለ። አንድ ቀን ምሳው ይቅርና የፈላ ውሃ በፔርሙስ ይዘሽልኝ ነይ ያልከኝ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወደ ጫፉ መጨረሻ ወረድኩ። በአንድ ጎኑ ሰያፍ ሆኖ ተበልቷል። የአባባ እጅ ነው።

አስቴር ብዕሩን ለእኔ ትታ ለመሄድ አላመነችኝም፤ ነገ ቤታችሁ እመጣለሁ ብያት ይዛው ሄደች። እኔ መሳቢያህን ገለበጥኩት። ከታች፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ፣ በጥጥ የተጠቀለለ የተሰነጠቀ የወርቅ ጫፍ አገኘሁ። የታተመበት ስም የጋሽ ሀሜሶ ብዕር ቀፎ ላይ ያለው ነው። ስታስተካክለው እጅህ ላይ ተሰብሮብሃል። በዚያ ልክ የሚገባ የወርቅ ጫፍ አንተ ዘንድ ያለው የአባባ ብቻ ነበር። ወርቅ ሸጠህ በላህ ያልኩህ ሰውዬ፣ ስባሪውን እንኳ አልሸጥከውም። የሰው ነው ብለህ በጥጥ አስቀመጥከው። እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰው አየኝ፣ ይየኝ።

በማግስቱ ስባሪውን ይዤ ሄድኩና ለጋሽ ሀሜሶ ሁሉንም ነገርኳቸው። አስቴር አንገቷን ደፋች። እሳቸው ስባሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩትና፣ በዚያ ረጋ ባለ አማርኛቸው «ታደሰ ለምን አልነገረኝም? እኔ እቆጣው ነበር?» አሉ። ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «የአባትሽ ነው፣ አውጪና ውሰጂ» አሉኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልወስደው ፈልጌ ነበር። እጄንም ዘርግቻለሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ግን ለልጅ ልጆቻቸው በሲዳምኛና በአማርኛ የሚጽፉት ወፍራም ደብተር ተዘርግቶ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፋቸውም ይወላገዳል። ቀለሙ ግን የትም ቦታ አልተቆረጠም። እርስዎ ዘንድ ይቆይ ብያቸው ወጣሁ።

ያኔ ብትነግረኝ እሺ እል ነበር? ስንት ቀን አሰብኩበት። አልልም ነበር። ሄጄ ከሽማግሌው እጅ ነቅዬ አመጣው ነበር። ይህንን ስለምታውቅ ነው ዝም ያልከው። የአባቴን ዕቃ ሳትጠይቀኝ መስጠትህ ግን ልክ አይደለም፤ እሱን ስንገናኝ እንነጋገርበታለን። እኔን የሚያቃጥለኝ ያ ዳቦ ነው። እያዋረድኩህ ቆርሰህ የሰጠኸኝ ዳቦ። ይቅር በለኝ ታዴዬ።

እሑድ ወንድሜ ቤት ሄጄ ያኔ የሰሙትን ሰብስቤ ቃሌን መልሻለሁ። ሁለቱ ሞተዋል፤ እዚያ ካገኘሃቸው አንተው ንገራቸው።

ይህን የምጽፍልህ በዚያው በብረቱ ጫፍ ነው። ሁለት ቦታ ወረቀቱን ቀዶታል። ሄለን አይታኝ እስክሪብቶ ላምጣልሽ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ጫፉንም አልቀይረውም። ከነገ ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሰው በሚያይበት፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን የብዕር ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ መጥቶ አጎንብሶ ያየውና፣ ይሄ ጫፍ ኦርጅናል አይደለም ይለኛል። አዎ አይደለም እለዋለሁ። ከዚያ ወንበር እሰጠውና ያንተን ነገር ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ።

ሚስትህ በላይነሽ