እየጸለየች ነው

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ከሱቅ መልስ።

የሳሎን መጋረጃ ሦስት፣ የመኝታ ቤት ሁለት። ጦር ኃይሎች ታክሲ የለም፤ ግማሹን በእግሬ። እና ዛሬም መጣብኝ፣ ደብተሬ። ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ ከሆዴ ተነሥቶ ወደ ደረቴ። ፍርሃት። የሚያስፈራ ነገር የለም እኮ፤ ፊቴ ያለው ክሬም ቀለም ጨርቅ ነው። ደግሞ መቀሱም፣ ደንበኛዋም፣ ሁሉም ከዚህ በፊት አንዴ ያለፈ ይመስለኛል። ከዚያ ባዶ።

ስነቃ አብራኝ የምትሰፋው አበበች ደንበኛዋን ዝም አሰኝታታለች። እየጸለየች ነው ብላ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል አሉ። ሴትዮዋ ስትወጣ ለልጄ ፈተና ጸልዪልኝ አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

የጸሎት ኅብረታችንም እንደዚያው ነው። ጌታ ያሳያታል መባል ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ምን ይዋሻል፣ እኔም አምኜ ነበር። ባለፈው ግን ስነቃ ጣቴ በካውያ ተጠብሷል። ጸሎት ጣት አይጠብስም ብዬ ለማንም ሳልናገር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ጭንቅላቴን በማሽን አነሡት። ውጤት ሐሙስ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ።

የሚጥል በሽታ ነው።

ወድቄ አላውቅም እኮ አልኳት ዶ/ሯን። ሁሉም አይጥልም አለች። ኮምፒውተሩ ላይ አሳየችኝ። ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ አሚግዳላ የሚባል አለ። በግራም በቀኝም። ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ፍርሃት የሚቀሰቀሰው እዚያ ነው። የግራዬ ደህና። የቀኜ አብጧል። ለምን? እርግጠኛ አይደለችም። ዕጢ አይመስልም፣ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይታያል። ክኒን ጠዋትና ማታ፣ ሳይቋረጥ። የከንፈሩም ነገር የታወቀ ምልክት ነው አለች።

አላለቀስኩም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ትዕግስት ብቻ ትዝ አለችኝ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ።

በደንብ ልጻፈው። ትዕግስት፣ ት. የምላት፣ ታናሽ እህቴ ናት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሳሙኤል ሽማግሌ ላከ። ሻይ እያቀረብኩ ያ ፍርሃት መጣ። ስነቃ ሰው ሁሉ ያየኛል። እማዬ ምን አሳየሽ አለችኝ። ፈራሁ አልኩ። እውነቴን ነበር። በቃ! ሽማግሌዎቹ ጸልየን እንመልሳለን ተብለው ተሸኙ።

ሳሙኤል ምን አጠፋ? ምንም። ሳንሱሲ ሰፈር አምፖልና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሸጥ ጨዋ ልጅ። ት. ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ሽማግሌዎቹ ነገ ይመለሳሉ። እማዬ እምቢ ልትላቸው ነው። በኔ ፍርሃት።

ምሳ ከበላን በኋላ ለእማዬ ነገርኳት። አላመነችም። ስታምን ባሰ፤ አፌን በእጇ ልትይዝ ምንም አልቀራት። በዘራቸው አለ ከተባለ ማን ያገባታል አለች። ወዲያው መላ አገኘች፦ ጸለይኩ፣ ሰላም ሰጠኝ በይ፤ እሷም ታግባ፣ የአንቺም ጉድ እዚሁ ይቅር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ያሳደገችን ሴት!

ቀላል መንገድ ነው። አልክድህም ደብተሬ፣ አጓጉቶኛል። ግን ከርሞ የኅብረታችን ሌላ ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅስ? ሰው ሁሉ የኔን ከንፈር እያየ ሊዳርና ሊከለክል ነው?

ጥቅምት 9፣ እሑድ። 9 ሰዓት ሊሆን ነው።

ከቤ/ክ መልስ ለት. ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ሁለት ሳምንት ያለቀስኩት ለአንቺ ባቄላ ነው? አለች። ቀጥላ ተናደደች፤ ትራስ ወረወረችብኝ። ይገባኛል። ከዚያ የተጠበሰ ጣቴን ይዛ አለቀሰች። እኔም ትንሽ።

በሩን ዘግታ ለሳሙኤል ደወለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እሺም እምቢም አላለም። ከሽማግሌዎቹ ጋር እመጣለሁ፣ ከእህትሽ አፍ ልስማው ብሏል።

ይስማው። ሽማግሌዎቹም ይስሙ። እማዬ እንደፈለገች ትቆጣ። ልነግራቸው ነው። ቢተዋት ምን እንደምሆን አላውቅም። ያንን ስፈራ ግን ቢያንስ ምክንያት አለኝ።

በር ተንኳኳ። እማዬ ትጠራኛለች። ድምፅዋ ለእንግዳ የምታወጣው ድምፅ ነው።

ሆዴ ውስጥ ጀመረኝ። አሁን። ክኒኑ ገና ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ተብያለሁ። ት. አጠገቤ ቆማለች፤ ነግሬያታለሁ፦ እየጸለየች ነው የሚል ካለ፣ አይደለም በይ። በሽታዋ ነው፣ ያልፋል፣ ሻያችሁን ጠጡ በያቸው። ስትነቃ ራሷ ትነግራችኋለ